ብርቅዬ የምድር ብረቶች ሲጨመቁ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

“ብርቅዬ ስለተባሉ በጣም ጥቂት ናቸው።” ስሙ ነው የሚያሳስተው። ከእነዚህ ብረቶች አንዱ ሴሪየም ነው፤ በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው መጠኑ ከመዳብ ጋር ይቀራረባል። የላይተር ድንጋይ ውስጥ እንኳ ሴሪየም አለ።

“ጠጣር ብረት ካልቀለጠ የአተሞቹ አደራደር አይለወጥም።” ይለወጣል። ጉሊት ላይ የተቆለለ ብርቱካን አስቡ። የታችኛውን ረድፍ ሀ እንበለው። በክፍተቶቹ ላይ የሚቀመጠው ሁለተኛው ለ ይሁን። ሦስተኛው ወይ ከሀ ትክክል በላይ ይቀመጣል፣ ወይ ሐ የምንለውን አዲስ ቦታ ይይዛል። ከእነዚሁ ብረቶች አንዱ የሆነው ጋዶሊኒየም ሳይጨመቅ አተሞቹ ሀለሀለ እያሉ ነው የሚደረደሩት። ግፊቱ ሲጨምር መጀመሪያ የሌላውን ብርቅዬ ብረት፣ የሳማሪየምን አደራደር ይይዛል፤ ይሄኛው 9 ረድፍ ከሄደ በኋላ ነው ራሱን የሚደግመው። ቀጥሎ ሀለሀሐ ይሆናል፣ ከዚያ ሀለሐ። ጠብታ እንኳ ሳይቀልጥ!

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ከእነዚህ ብረቶች ከባዶቹን ትተን ወደ ቀላሎቹ ስንሄድ፣ ያለ ምንም ግፊት የምናገኘው ያንኑ ተራ ነው። ሲጨመቅ ከባዱ የቀላሉን መልክ ይይዛል ማለት ነው። ዩሮፒየምና ይተርቢየም ግን ከዚህ ተራ ውጪ ናቸው።

“የብረቱ ይዘት (የሚይዘው ቦታ) በአንዴ ከቀነሰ አደራደሩ ተቀይሯል።” እዚህ ላይ ሴሪየም ጉድ ያሳየናል። በክፍል ሙቀት፣ ግፊቱ ከምንተነፍሰው አየር ግፊት 7,000 እጥፍ ግድም ሲደርስ፣ ይዘቱ በአንድ ጊዜ 15 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሰው ፐርሲ ብሪጅማን እ.ኤ.አ. በ1927 የሴሪየም የኤሌክትሪክ መቋቋም ድንገት ሲዘል አይቶ ነበር። በ1949 በኤክስሬይ ሲታይ ግን አደራደሩ በፊትም ሀለሐ፣ በኋላም ሀለሐ ሆኖ ተገኘ። የተለወጠው በአተሙ ውስጥ ያለው 4ኤፍ የሚባለው ኤሌክትሮን ጠባይ ነው። ብቻውን ተቀምጦ የነበረው ከጎረቤት አተሞች ጋር ይተሳሰራል፤ አተሙን ማግኔት የሚያስመስለው ጠባይም ይጠፋል። ትስስሩ በትክክል እንዴት እንደሚፈጠር የፊዚክስ ሰዎች ለአሥርት ዓመታት ተከራክረውበታል።

“እንዲህ ያለ ግፊት ቤት የሚያክል ማሽን ይፈልጋል።” እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ መሣሪያ አለ። መርፌ ጨርቅ የሚበሳው ጉልበቱ ጫፉ ላይ ስለሚከማች ነው። እዚህም ሁለት አልማዞች በጠባብ ጫፋቸው ናሙናውን መሐል አድርገው ይጫኑታል። አልማዝ ደግሞ ኤክስሬይ ያሳልፋል። ስለዚህ ብረቱ እንደተጨመቀ፣ አተሞቹ የት እንደቆሙ ማየት ይቻላል።