የእርባታ ዓሣን ጭንቀት በመኖ ማቅለል

የእርባታ ዓሣ የሚጨነቅበት ምክንያት ብዙ ነው። ገንዳው ይጣበባል፣ ዓሣው በመረብ ይታፈሳል፣ በመጠኑ ተለይቶ ይመደባል፣ በመኪና ተጭኖ ይጓዛል። ኦክስጅን ሲያንስ ወይም አሞኒያ ሲበዛ ደግሞ ሸሽቶ የሚሄድበት የለውም። ይህን ጫና ለማቅለል ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ መኖው ላይ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ንጥረ ነገር)፣ ቫይታሚን፣ ማዕድን ወይም ጠቃሚ ባክቴሪያ መጨመር ነው።

ዓሣ ሲደነግጥ ሰውነቱ ውስጥ የሚሆነው ነገር እኛ ላይ ከሚሆነው ብዙም አይለይም። መጀመሪያ አድሬናሊን ይለቀቃል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ከፍ ይላል፤ የደሙም ስኳር ይጨምራል። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ይህ ዓሣውን ከአደጋ ያተርፈዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ሲሰነብት ነው። የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፣ እድገቱ ይጓተታል፣ በሽታ የመቋቋም አቅሙም ይዳከማል።

በደንብ ከተጠኑት ተጨማሪዎች አንዱ ትሪፕቶፋን ነው። አንጎል ስሜትን የሚያረጋጋውን ሴሮቶኒን የተባለ ኬሚካል የሚሠራው ከዚህ አሚኖ አሲድ ሲሆን፣ ዓሣ የሚያገኘው ከምግብ ብቻ ነው። ትሪፕቶፋን የተጨመረበት መኖ የበሉ ትራውት የተባሉ ዓሦች እርስ በርስ መናከስ ቀንሰዋል። ሲረበሹም ኮርቲሶላቸው እንደ ሌሎቹ አልናረም። የሚገርመው የጊዜው ነገር ነው። በአንድ ሙከራ ለ7 ቀን የተመገቡት ላይ ለውጥ ሲታይ፣ ለ3 ቀን ወይም ለ28 ቀን የተመገቡት ላይ አልታየም። ስለዚህ ብዙና ረጅም ጊዜ መስጠት የተሻለ ነው ማለት አይቻልም።

ቫይታሚን ሲን አብዛኞቹ የእርባታ ዓሦች ራሳቸው መሥራት አይችሉም። ሲያንሳቸው አከርካሪያቸው ይጣመማል። ቫይታሚኑ መኖው ሲቀነባበር በሙቀት ስለሚበላሽ፣ ፋብሪካዎች ከፎስፌት ጋር የተያያዘውን፣ ሙቀት የሚችለውን ዓይነት ይመርጣሉ። ቫይታሚን ኢ እና ሴሌኒየም የተባለው ማዕድንም ይጨመራሉ። ሴሌኒየም ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ከእርሾ የሚወጣው ቤታ ግሉካን የተባለ ንጥረ ነገር እና ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ ባክቴሪያ) ደግሞ ይበልጥ የሚታሰቡት ለበሽታ መከላከልና ለአንጀት ጤና ነው።

አንዲት ንጥረ ነገር ምን ያህል እንደምትወስን ሳልሞን የተባለው ዓሣ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ በእብድ ላም በሽታ ስጋት፣ ከደረቀ ደም የሚዘጋጅ ዱቄት ከአውሮፓ የሳልሞን መኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሳልሞኖች የዓይን ሞራ ያዛቸው። ዱቄቱ ሂስቲዲን በተባለ አሚኖ አሲድ የበለጸገ ነበር። ሂስቲዲን ለብቻው መኖው ላይ ሲጨመር ችግሩ ቀለለ። በዓይኑ ማየት የተሳነው ዓሣ ምግቡን ማግኘት ይቸገራል፤ ስለዚህ ይህ ተራ የምርት ጉዳይ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አይዘለልም። የተጨነቀ ዓሣ አይበላም። ከጉዞ በፊትም ውሃው እንዳይቆሽሽ ሆን ተብሎ ይጾማል። ስለዚህ ተጨማሪው ሥራ እንዲሠራ ጫናው ከመምጣቱ ቀናት ወይም ሳምንታት ቀድሞ መጀመር አለበት። ገንዳውን ከአቅሙ በላይ ሞልቶ መድኃኒቱን ከመኖ መጠበቅ ግን በእኔ እምነት ዓሣውን መበደል ነው።

ውጤቱን መለካትም ቀላል አይደለም። ደም ለመውሰድ መያዙ ራሱ ኮርቲሶልን ያንረዋል። ለረጅም ጊዜ የተጨነቀ ዓሣ ደግሞ ምላሽ መስጠት ሊያቅተው ይችላል፤ ያኔ ዝቅ ያለ ኮርቲሶል የጤና ምልክት አይሆንም። ለዚህም ነው ከሆርሞኑ ጎን ለጎን የክንፎቹ መቆራረጥ፣ የአተነፋፈሱ ፍጥነት፣ የሚዋኝበት ሁኔታና መኖ ሲበተን የሚያሳየው ጉጉት አብረው የሚታዩት።