ልጆችን ወደ ለንደኑ ሪጀንትስ ካናል ስንወስድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለንደን ልጅ የምናሳድግ ብዙዎቻችን ይህን ቦይ የምናውቀው ወደ ካምደን ገበያ ስንሄድ በድልድዩ ላይ እያለፍን ነው። ልጆቹ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲሉ ግን የምንሰጣቸው መልስ ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ወንዝ ነው»

አይደለም፤ ሰው የቆፈረው ነው። ሥራው በ1812 ተጀምሮ በ1820 አለቀ። ከሊትል ቬኒስ ተነስቶ በካምደን፣ በኪንግስ ክሮስና በኢዝሊንግተን አድርጎ ላይምሃውስ ላይ ቴምዝን ያገኛል። ርዝመቱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጆቹ ቅጠል ይጣሉበትና ይዩት፤ እንደ ወንዝ ይዞት አይሄድም። ውሃ እያነሰው ስላስቸገረ በ1835 ብሬንት ላይ ማጠራቀሚያ ተሠራለት። ወደ ዌምብሌ በኩል ያላችሁ ዌልሽ ሃርፕ የምትሉት ሐይቅ ያ ነው።

«ጀልባውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ሞተር ነው»

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ቁሙ፤ ለልጅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። ከካምደን እስከ ላይምሃውስ መሬቱ 26 ሜትር ያህል ይወርዳል። ቁልቁለቱ ለ12 ሎኮች ተከፋፍሏል። ሎክ ማለት በሁለቱም ጫፍ በር ያለው የግንብ ክፍል ነው። ጀልባዋ ትገባለች፣ ከኋላዋ በሩ ይዘጋል። ከዚያ ሰው በእጅ በሚዞር ብረት ታች ያለውን ትንሽ መክፈቻ ያነሳል፣ ውሃው ይወጣል፣ ጀልባዋም አብራው ትወርዳለች። ሞተር የለም፣ ኤሌክትሪክ የለም፤ የውሃው የራሱ ክብደት ነው።

በሮቹን አስተውሉ። ሲዘጉ ቀጥ ብለው አይገጥሙም፤ ከፍ ወዳለው ውሃ ሾል ብለው ነው የሚጋጠሙት። ውሃው በገፋቸው ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃሉ። የውስጡና የውጩ ውሃ እኩል እስኪሆን ድረስ ጎልማሳ ቢገፋውም በሩ ንቅንቅ አይልም። እኩል ሲሆን ግን አንድ ሰው ከበሩ ጋር የተያያዘውን ረጅም ግንድ በጀርባው ገፍቶ ይከፍተዋል። ለምን እንደሆነ ቶሎ አትንገሯቸው፤ መጀመሪያ እነሱ ይገምቱ።

«የዳሩ መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌት የተሠራ ነው»

የተሠራው ለፈረስ ነው። ፈረሱ በዳር እየሄደ ጀልባዋን በገመድ ይጎትት ነበር። በጋሪ ሁለት ቶን የሚጎትት ፈረስ በውሃ ላይ 30 ቶንና ከዚያም በላይ ይጎትታል። ማስረጃውን ልጆቹ በጣታቸው ሊነኩት ይችላሉ፦ ድልድይ ሥር ባሉት ብረቶች ላይ ገመዱ ለዓመታት እየታከከ የቦረቦረው ጎድጓዳ መስመር አለ። ከለንደን የእንስሳት ማቆያ (ዙ) ምዕራብ የሚገኘው ማክልስፊልድ ድልድይ ላይ ደግሞ መስመሩ በሁለት ወገን ነው። በጥቅምት 1874 ባሩድ የጫነች ጀልባ ሥሩ ፈንድታ ድልድዩን አፈረሰችው፤ ሦስት ጀልበኞች ሞቱ። እንደገና ሲገነባ የድሮዎቹ ምሰሶዎች ዞረው ስለተተከሉ ገመዱ አዲስ መስመር ቦረቦረ።

በባቡር ድምፅ ደንግጦ ውሃ ውስጥ ለሚወድቅ ፈረስ መውጫ የሚሆን ተዳፋትም ከዳሩ ላይ ተሠርቶ ነበር። የኢዝሊንግተን ዋሻ ግን የዳር መንገድ የለውም። ፈረሱ በላይ በኮረብታው ሲያልፍ ሰዎቹ ጀልባው ላይ በጀርባቸው ተኝተው ግድግዳውን በእግራቸው እየረገጡ ወደ 880 ሜትር ይገፉ ነበር። ልጆች ይህን ሲሰሙ እዚያው መሬት ላይ ተኝተው መሞከር ይፈልጋሉ፤ ተዉአቸው።

«ጥልቅ ስላልሆነ አያሰጋም»

ይህ አደገኛ ነው። መሃሉ ለአዋቂ ብዙ ባይጠልቅም ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ታቹ ጭቃ ነው፣ ሎኮቹ ደግሞ በጣም ጥልቅና ግድግዳቸው ቀጥ ያለ ነው። ትንንሾቹን እጃቸውን ያዙ፤ በውሃው በኩል እናንተ ሁኑ። ጀልባ ላይ ከወጡ ላይፍ ጃኬት ግድ ነው። ብስክሌተኞቹም ዝም ብለው ከኋላ ከች ይላሉ።

«ባቡር ሲመጣ የሞተ ነገር ነው»

ባቡሩ ጭነቱን ቀማው እንጂ አልገደለውም። በፈረስ የሚጎተት የጭነት ጀልባ እስከ 1956 ነበር። ዛሬ ከዳር መንገዱ ሥር ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ያልፋል፤ የሚያቀዘቅዘውም የቦዩ ውሃ ነው። ብዙ ሰውም ጀልባ ላይ ይኖራል፤ በሰው መስኮት አጮልቆ ማየት እዚህም ነውር ነው።

«ወጪ አለው፣ ልጅም ይሰለቸዋል»

መሄዱ በነፃ ነው። ከሊትል ቬኒስ እስከ ካምደን 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሃል ላይ የእንስሳት ማቆያው ግዙፍ መረብ ከዳር ይታያል፤ ውስጡ የሚኖሩት የኛው ጉሬዛዎች ናቸው። ኪንግስ ክሮስ ያለው የቦዩ ሙዚየም ግን ያስከፍላል። ሕንፃው ከኖርዌይ በመርከብ የሚመጣ በረዶ የሚከማችበት መጋዘን ነበር፤ የበረዶው ጉድጓድ ዛሬም ይታያል።

«ለዳክዬ ዳቦ ይዘን እንሂድ»

ዳቦ አይስማማቸውም። አጃ፣ አተር ወይም በቆሎ ይሻላል፤ ያውም ጥቂት በጥቂት።