የትምህርት ቤት መዋጮ ምንድን ነው?

የትምህርት ቤት መዋጮ ወላጆች ልጆቻቸው ለሚማሩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት በገንዘብ፣ በዓይነት ወይም በጉልበት የሚሰጡት ድጋፍ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በመንግሥት ወጪ እንዲሰጥ ደንግጎ ስለነበር፣ መዋጮው በወላጆች ስብሰባ፣ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) አቅራቢነት፣ በፈቃደኝነት የሚወሰን ነው። በተግባር ግን ምዝገባና መዋጮ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ ፈቃደኝነቱ ስም ብቻ ይሆናል።

የመዋጮው መነሻ የበጀት አወቃቀሩ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ለክልል፣ ከክልልም ለወረዳና ለከተማ አስተዳደር የሚወርደው ጥቅል በጀት ለትምህርት ሲከፋፈል ትልቁን ድርሻ የመምህራን ደመወዝ ይወስደዋል፤ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ድጎማ ለትምህርት ቤቶች ማቅረቡ ብዙ ረድቷል፤ ሆኖም የወረቀትና የቀለም ዋጋ በናረ ቁጥር ያው ብር የሚገዛው ዕቃ ያንሳል። ስለዚህ የጥበቃ ሠራተኛ አበል፣ የሚያፈስ ጣሪያ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ዴስክ ጥገና፣ አልፎ ተርፎም ጠመኔና የፈተና ማባዣ ወረቀት ወደ ወላጅ ይዞራሉ። ወላጅ ተጨማሪ መማሪያ ክፍል ለመገንባት ቢያዋጣ የሚያስመሰግነው ነው፤ ያለ ጠመኔና ያለ ፈተና ግን ትምህርት ስለሌለ፣ ይህን ወጪ መሸፈን የመንግሥት ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዛል።

የመዋጮው ትልቁ ችግር በልጅ ቁጥር እኩል መተመኑ ነው። በጅማ አንድ ልጅ ያለው ነጋዴና ሦስት ልጆች የምታስተምር፣ በሐሙስ ገበያ ጎመንና ቃሪያ የምትቸረችር እናት ለእያንዳንዱ ልጅ ያንኑ ይከፍላሉ፤ ሸክሙም ገቢዋ አነስተኛ በሆነው እናት ላይ ሦስት እጥፍ ያርፋል። ጊዜውም አይመችም። ምዝገባው የሚካሄደው በክረምቱ መውጫ ሲሆን፣ የዙሪያው ገበሬም ሆነ በቡና ለቀማና በማበጠር የሚተዳደረው የቀን ሠራተኛ ገንዘብ የሚያገኘው ቡናው ከደረሰ በኋላ፣ ከጥቅምት ወዲህ ነው። መዋጮው በሚጠየቅበት ሳምንት ደብተር፣ ዩኒፎርምና ጫማም ይገዛል፤ ሥርዓተ ትምህርቱ ከተቀየረ ወዲህ መጽሐፍ ባልተዳረሰባቸው የትምህርት ዓይነቶች ደግሞ ከስልክ ላይ ፕሪንት የማስደረግ ወጪ ይጨመራል።

በትምህርት ቤቶች መካከልም ልዩነት ይሰፋል፤ አቅም ያላቸው ወላጆች የተሰበሰቡበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራውን ሲያሟላ፣ በድሃ ሰፈር ያለው የአጥሩን ቀዳዳ እንኳ መድፈን ያቅተዋል። ትምህርት ሚኒስቴር ትምህርት ቤቶችን በሕዝብ ድጋፍ ለማሻሻል «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ያስጀመረው ንቅናቄ ሕዝቡ ለትምህርት ቤቱ ያለውን ተቆርቋሪነት ያሳየ መልካም ሥራ ቢሆንም፣ ይህን ልዩነት ብቻውን አያጠብም።

በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች መክፈል የማይችል ወላጅ ከቀበሌ ደብዳቤ ሲያመጣ ነፃ ይደረጋል። ደብዳቤውን ለማግኘት ግን የቀን ሥራውን ትቶ መመላለስ አለበት፤ እስከዚያው ድረስ ያልከፈሉ ልጆች ስም በክፍል ውስጥ ሊጠራ ይችላል። ወተመህ ችግረኛ ቤተሰቦችን ከምዝገባ በፊት ለይቶ ነፃ ሊያደርጋቸው፣ ለከፈሉት ሁሉ ደረሰኝ ሊያስቆርጥ፣ የወጪውንም ዝርዝር በየሴሚስተሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሊለጥፍ ይገባል። ይህን ለማድረግ ተጨማሪ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም።