«መጀመሪያ ዳቦው ይቅደም»፦ ስለ ኢንተርኔት መብትነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ዕለት ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ላስነሳ አንድ ሱቅ ገባሁ። አንዲት ተማሪ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ የጻፈችውን የፈተና ቁጥር ለባለ ኮምፒውተሩ ታነብለታለች። ገጹ አልከፈት ብሏል፤ ቁጥሩ በላብ እንዳይጠፋባት መዳፏን ደጋግማ እፍ ትለዋለች። ከኋላዋ ተራ የያዘ ጎልማሳ «ኢንተርኔት ሰብአዊ መብት ነው ይሉናል፤ መጀመሪያ ዳቦው ይቅደም» አለ። ክርክሩ ያኔ ተነሣ። የተባለውን ሁሉ ይዤ ወጣሁ።

«ቅንጦት ነው።» የዛሬ ሃያ ዓመት ቢሆን እኔም እስማማ ነበር። ዛሬ የፈተና ውጤትም የዩኒቨርሲቲ ምደባም በኢንተርኔት ነው የሚታየው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ባለ ባጃጁ ነዳጅ የሚቀዳው በስልኩ ከፍሎ ነው። ያለ ዳታም በአጭር ቁጥር መክፈል ይቻላል የሚለኝ ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ግን ዳቦው ራሱ በዚሁ መስመር መምጣት ከጀመረ ቆየ።

«መብት ከሆነ በነፃ ይታደል።» ውሃ እ.ኤ.አ. በ2010 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሰብአዊ መብት ተብሏል፤ የውሃ ሂሳብ ግን እንከፍላለን። ፊንላንድም በዚያው ዓመት ለነዋሪዎቿ ቢያንስ በሰከንድ 1 ሜጋቢት እንዲቀርብ በሕግ ስታስገድድ ዋጋው ተመጣጣኝ ይሁን አለች እንጂ ነፃ ይሁን አላለችም።

«የተባበሩት መንግሥታት አውጆታል።» አላወጀም። ሰው የሚጠቅሰው የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳለፈውን ውሳኔ ነው። ውሳኔው ኢንተርኔትን ሆን ብሎ ማቋረጥን ያወግዛል፤ አስገዳጅነት ግን የለውም።

«ኢንተርኔትን ከፈጠሩት አንዱ ራሱ መብት አይደለም ብሏል።» ይህኛው ጠንከር ይላል። ቪንት ሰርፍ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዲህ ሲል ተከራክሯል፦ ድሮ ያለ ፈረስ ኑሮን መግፋት ከባድ ነበር፤ መብቱ ግን ሠርቶ መኖር እንጂ ፈረሱ አልነበረም። ጋሪ በባጃጅ ሲተካ ላየን ሰዎች ነገሩ ግልጽ ነው፤ ጋሪ መብታችን ነው ያለ አልነበረም። እስከዚህ ድረስ አብሬው ነኝ። ሆኖም ጋሪውንም ባጃጁንም የሚያስኬደውን መንገድ የዘጋ ሰው መብት አልነካሁም ማለት አይችልም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 29 ኢንተርኔትን በስም አይጠራም፤ በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ ኢንተርኔቱ ራሱ አገር ውስጥ አልገባም ነበር፤ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ሰው በመረጠው ማሰራጫ መረጃ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነቱን ያረጋግጣል። አንቀጹ ኢንተርኔቱን በሁለት ዓመት ይበልጠዋል።

«ለጸጥታ ሲባል ከተዘጋ የመብት ጥያቄ አይነሣም።» ይነሣል። ሰኔ 18 ቀን 2012 ዓ.ም. የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት ቶጎ እ.ኤ.አ. በ2017 ኢንተርኔት መዝጋቷ ሕገ ወጥ ነበር ሲል ፈረደ። ጸጥታ ምክንያት ሊሆን አይችልም አላለም፤ መዝጋትን የሚፈቅድ ሕግ አላቀረባችሁም ነው ያለው። ፍርዱ ኢትዮጵያን አያስገድድም። ከዚያ አምስት ቀን ቆይቶ፣ ሰኔ 23፣ የእኛ አገር ኢንተርኔት ተዘጋና ለሳምንታት ቆየ።

የልጅቷ ገጽ በአራተኛው ሙከራ ተከፈተ፤ ባለ ሱቁ አትሞ ሰጣት። ቀጥሎ የዳቦው ሰውዬ ተራ ደረሰ። ከደረት ኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ፤ የልጁ የፈተና ቁጥር ነው።