የህዋ ቴክኖሎጂ ለጤና፦ ወሎ ላይ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የግንባር ሙቀት መለኪያው ጨረሩን ወደ አንጎል ይለቃል።»
በኮሮና ጊዜ ብዙ ሰው ይህን ፈርቷል። መሣሪያው ግን ሰውነታችን ራሱ የሚያወጣውን የሙቀት ጨረር ተቀብሎ ይለካል እንጂ ወደ እኛ የሚልከው የለም። የከዋክብት ሙቀት ከርቀት የሚለካውም በዚሁ መንገድ ነው። የናሳ (የአሜሪካ የህዋ ምርምር ተቋም) ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1991 በዚህ ዘዴ የሚሠራ የጆሮ ሙቀት መለኪያ እንዲወጣ አግዘዋል።

«ሲቲ ስካንን የፈጠረው ናሳ ነው።»
አይደለም። የሰውነትን ውስጥ በራጅ ጨረርና በኮምፒውተር የሚያሳየው ይህ መሣሪያ የእንግሊዛዊው መሐንዲስ የጎድፍሪ ሃውንስፊልድ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያው ታካሚ ተመርምሮበታል። ናሳ የጨረቃን ፎቶግራፎች በኮምፒውተር ለማጥራት የሠራው ዘዴ ግን ኋላ ለሕክምና ምስሎችም ጠቅሟል።

«ለተራበ ሕዝብ ህዋ ምን ይፈይዳል?»
የ1977ቱን ረሃብ ያየ የወሎ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን አሜሪካ የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓቷን ያቋቋመችው ያ እልቂት ካስደነገጣት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ሳተላይት የዘንድሮውን ልምላሜ ካለፉት ዓመታት ጋር ያነጻጽራል። እንደ ወሎው ደላንታ በበልግ በሚተማመን አገር ዝናቡ ሲቀር፣ ሕፃናት ከመክሳታቸው አስቀድሞ ከላይ ይታያል።

«ሳተላይት ወባን ያያል፤ ከእንግዲህ የጤና ኬላ መዝገብ ምን ያደርጋል?»
ከሁሉ አደገኛው ይህ ነው። ሳተላይት ትንኝም ተሕዋስም አያይም፤ የሚለካው ዝናብን፣ የመሬትን ሙቀትና ልምላሜን ነው። የወባ ተሕዋስ ከ16 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በታች በትንኟ ሆድ ውስጥ አያድግም፤ ለዚህም ነው ብርዳሟ ደሴ ስትተርፍ ከሥሯ ያሉት ኮምቦልቻ፣ ሐርቡና ባቲ የሚጠቁት። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ሕመሙ ይበረታል። በዝናቡና በሕመሙ መካከል ያሉት ሳምንታት ለመድኃኒትና ለአጎበር ዝግጅት የተሰጡን ጊዜ ናቸው፤ ሊባክኑ አይገባም።

በአማራ ክልል «ኤፒዴሚያ» የተባለው ፕሮጀክት የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ወባን አስቀድሞ ለመተንበይ የሳተላይቱን መረጃ ከጤና ተቋማት ሳምንታዊ የወባ ሪፖርት ጋር እንዲያጣምር ተዘጋጅቷል። ሪፖርቱ ከሌለ ዝናቡ የት ስንት ሰው እንዳሳመመ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደም መርምራ የምትመዘግበው ቁጥር የትንበያው ግማሽ አካል ነው። ያተኮሰው ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ደርሶ ቢመረመር እርሱም ይድናል፣ ቁጥሩም ይመዘገባል። ከሱቅ በተገዛ ክኒን ቤቱ ከቀረ ግን መዝገቡ ላይ አይኖርም፣ ሳተላይቱም አያየውም።