ቡልፐፕ ምንድን ነው? ያጠረ ጠመንጃ ሁሉ ቡልፐፕ አይባልም

አንዱ አፈሙዙ ያጠረ ክላሽ ያሳይና «ይሄ ቡልፐፕ ነው» ይላል። ሌላው ትክክለኛውን ቡልፐፕ ይገዛና «አጭር ስለሆነ ከሩቅ አይረባም» ብሎ ይፈርድበታል። ይህን ደጋግሞ መስማት ሰልችቶኛል። ሁለቱም የሚሳሳቱት እዚያው አንድ ቦታ ላይ ነው። ቡልፐፕን የቁመት ጉዳይ አድርገው ይዘውታል። ቡልፐፕ የአቀማመጥ ጉዳይ ነው። ጥያቄው ምን ከምን ኋላ ተቀመጠ የሚለው ነው።

በተለመደው ጠመንጃ ካዝናውና ጥይት የሚያጎርሰው ክፍል ከምላጩ ፊት ናቸው። ከምላጩ ኋላ ሰደፍ አለ። ሰደፉ ትከሻ ላይ ይደገፋል፤ ከዚያ ውጭ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የለውም። (እንደ አሜሪካው ኤም16 ባሉት የኤአር-15 ዘሮች የመመለሻው ሞላ ሰደፉ ውስጥ ይገባል። ሰደፋቸው እንደ ሌሎቹ በቀላሉ የማይታጠፈው ለዚህ ነው።) ቡልፐፕ ይህን ሥራ የፈታ ቦታ ይጠቀምበታል። ካዝናውም ማጎረሻውም ከምላጩ ኋላ፣ ሰደፉ ውስጥ ይገባሉ። እጅ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ማሽኑ ወደ ኋላ ይመጣል።

ስለዚህ የሚያጥረው ከኋላ ነው። አፈሙዙ፣ ማለትም ጥይቱ የሚጓዝበት ቱቦ በሙሉ፣ አልተነካም።

ቁጥሩን እንየው። የአሜሪካው ኤም16ኤ2 አፈሙዙ 508 ሚሊ ሜትር ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 1 ሜትር ያህል ነው። የኦስትሪያው ስታየር ኤዩጂ አፈሙዙ ያው 508 ሚሊ ሜትር ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ ግን 790 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ጠፍቷል፤ ከአፈሙዙ ግን አንድ ሚሊ ሜትር አልተቀነሰም። አሁን ደግሞ አጭሩን ክላሽ፣ ኤኬኤስ-74ዩን፣ ከእስራኤሉ ታቮር ታር-21 አጠገብ አስቀምጡት። የክላሹ ታጣፊ ሰደፍ ሲዘረጋ ሁለቱም ከ72 እስከ 74 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። ከሩቅ ላያቸው እኩያ ናቸው። የክላሹ አፈሙዝ ግን 206 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የታቮሩ 460። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ለገዢው ምንም አይነግረውም።

ይህ ልዩነት ለምን ይጠቅማል? ባሩዱ ጥይቱን የሚገፋው ጥይቱ አፈሙዙ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። አፈሙዙ ባጠረ ቁጥር ጥይቱ ፍጥነት ሳይሞላ ይወጣል፤ ያልነደደው ባሩድም ውጭ ነድዶ ብልጭታውና ድምፁ ይከፋል። እንደ 5.56 ሚሊ ሜትር ያለ ቀላልና ፈጣን ጥይት ደግሞ አብዛኛው አቅሙ ፍጥነቱ ነው። «አጭር ስለሆነ ከሩቅ አይረባም» ያልከው ወንድሜ፣ የለካኸው የጠመንጃውን ቁመት ነው። መለካት የነበረብህ አፈሙዙን ነው።

በጭነት መኪና ላስረዳ። ሞተሩ ከጋቢናው ፊት፣ ኮፈኖ ስር ያለ የጭነት መኪና አለ። ጋቢናው ሞተሩ ላይ የተቀመጠ፣ ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነም አለ። የሁለቱ የዕቃ መጫኛ እኩል ሊሆን ይችላል፤ ጠፍጣፋው ግን በጠቅላላ ርዝመቱ ያጥራል። መጫኛው አፈሙዙ ነው። ሞተሩ ማጎረሻው ነው። ሾፌሩ ተኳሹ ነው። ጠፍጣፋውን አይቶ «አጭር ስለሆነ ብዙ አይጭንም» የሚል ሰው መጫኛውን አላየም። ምሳሌው በዚህ አያበቃም። ሞተር ላይ የተቀመጠ ሾፌር ሙቀቱንም ድምፁንም በቅርብ ይቀበላል። የማርሹ ዘንግም እጁ ጋ ለመድረስ ተጨማሪ መንገድ ይዞራል። ቡልፐፕ የገዙ ሰዎች የሚያማርሩት ልክ እነዚህን ነው።

ምላጩን እንውሰድ። የምትስበው ምላጭ ፊት ነው፤ መዶሻው ያለው ኋላ ነው። መሃል ላይ ረጅም ዘንግ ያገናኛቸዋል። ዘንጉ ትንሽ ይታጠፋል፣ ይፋተጋል። ስለዚህ ምላጩ ከባድ ወይም ልዝብ ይሆናል፤ የት ላይ እንደሚለቅ ጣት ቁርጡን አያውቅም። የመጀመሪያው የሲቪል ታቮር በዚህ ክፉኛ ተወቅሷል። በኋላ የመጣው ኤክስ95 በጣም ተሻሽሏል። ታዲያ «ቡልፐፕ በትክክል አይመታም» የሚለው ወሬ አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። ጠመንጃው አስተካክሎ ይመታል። ምላጩ ግን ተኳሹን ያንቀጠቅጠዋል። ጠመንጃውን መደገፊያ ላይ አስረው ቢተኩሱት ስለ አቀማመጡ የሚወራው ግማሹ ይጠፋል።

ድምፁ ደግሞ እውነት ነው። ጉንጭ የሚያርፈው ጥይቱ ከሚፈነዳበት ክፍል አጠገብ ነው። የአፈሙዙ ጫፍም ከተለመደው ጠመንጃ ይልቅ ለፊት ይቀርባል። የጆሮ መከላከያ ለማንኛውም ጠመንጃ ግዴታ ነው፤ እዚህ ጋ ደግሞ ይብሳል። ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር። ምንጩ የማይታወቅ ወይም ቤት ውስጥ የተሞላ ጥይት በማንኛውም ጠመንጃ አደጋ ነው። በቡልፐፕ ግን የሚፈነዳው ክፍል ጉንጭ ስር ነው። አምራቾች እዚያ ጋ ማጠናከሪያ የሚያደርጉት በከንቱ አይደለም። የደጋፊው እጅ ጉዳይም አለ፤ አጭር ጠመንጃ ላይ ደጋፊው እጅ ከአፈሙዙ ጫፍ ብዙ አይርቅም። ጣት ወዴት እንደሚያልፍ ተጠንቅቆ ማየት ያስፈልጋል።

ቀለሁ፣ ማለትም ጥይቱ ሲተኮስ የሚወጣው ባዶ ቀፎ፣ ሌላ ጣጣ ነው። ቀለህ በቀኝ በኩል የሚወጣበትን ቡልፐፕ ግራ ትከሻህ ላይ ካደረግከው ቀለሁ ፊትህ ላይ ይመጣል። የእንግሊዙ ኤል85 እስከ ዛሬ ከቀኝ ትከሻ ብቻ የሚተኮስ ነው። ኤዩጂና ታቮር ግን መዝጊያውን ቀይሮ የመውጫውን ክዳን በማዛወር ለግራኝ ይስተካከላሉ። ኤፍኤን ኤፍ2000 ቀለሁን ወደ ፊት ያወጣዋል። ኬል-ቴክ አርዲቢ ወደ ታች ይጥለዋል። ለግራኝ የሚስተካከል ማለት ግን በየደቂቃው ከትከሻ ትከሻ ማዛወር ይቻላል ማለት አይደለም። ሻጩ «ለሁለቱም እጅ» ሲልህ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ጠይቀው።

ካዝና መቀየርም ልምድ ይጠይቃል። ካዝናው ብብት ስር ስለሆነ ዓይን አያየውም። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይንተፋተፋል። ይህን በሁለተኛው ቀን የሚጽፍ ገዢ እውነቱን ነው የሚጽፈው፤ ግን የሚጽፈው ስለ ራሱ ልማድ እንጂ ስለ ጠመንጃው አይደለም። ከዚህ በተቃራኒ ክብደቱ ወደ ትከሻ መጠጋቱን ሁሉም ይወደዋል። ታቮር ኤክስ95 ባዶውን ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ከብዙ ኤአር-15 ይከብዳል። ሲይዙት ግን ቀላል ይመስላል፤ ክብደቱ ክንድን ወደ ፊት አይጎትትም።

«ሠራዊቶች እየተዉት ነው፣ ስለዚህ የከሸፈ ነገር ነው» የሚለው ክርክር በጣም ያናድደኛል። ፈረንሳይ ቡልፐፑን ፋማስን በተለመደው አቀማመጥ በተሠራው ኤችኬ416 መተካቷ እውነት ነው። ቻይናም ከኪውቢዜድ-95 ወደ ተለመደው አቀማመጥ ተመልሳለች። ኦስትሪያ ግን ከ1977 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ጀምሮ ኤዩጂን ይዛለች። አውስትራሊያ የዚያኑ ዘር አሻሽላ ቀጥላለች፣ ክሮኤሺያም የራሷን ቡልፐፕ፣ ቪኤችኤስን፣ ሠርታለች። የተዉትም የተዉት ጠመንጃው ስላልተኮሰ አይደለም። አንዱ ምክንያት ሰደፉ ነው፤ የጥይት መከላከያ ልብስ ሲወፍር እንደ ወታደሩ የሚረዝምና የሚያጥር ሰደፍ ተፈለገ። የቡልፐፕ ሰደፍ ደግሞ ማሽኑ ውስጡ ስላለ እንደ ልብ አያጥርም። ይህ ለሠራዊት ትልቅ ጉዳይ ነው። አንድ ጠመንጃ ለራሱ ለሚገዛ ሰው ግን ልኩ ከተስማማው ተስማማው ነው።

ኤል85ንም እንደ ማስረጃ ያመጡታል። የመጀመሪያው ስሪት በርግጥ ብዙ ችግር ነበረበት። ከ2000 ጀምሮ የጀርመኑ አምራች ሄክለር ኤንድ ኮህ ክፍሎቹን እየቀየረ አስተካከለው፤ አቀማመጡ ግን ያው ቡልፐፕ ነው። ጥፋቱ የአቀማመጡ ቢሆን ኖሮ ክፍል በመቀየር አይድንም ነበር።

ሲቪል ገዢው ቡልፐፕን የሚፈልግበት አንዱ ዋና ምክንያት ሕግ ነው። እዚህ ጋ የጭነት መኪናው ምሳሌ እንደገና ይሠራል። አውሮፓ ውስጥ የጭነት መኪና ጠቅላላ ርዝመት በሕግ ስለተወሰነ ጠፍጣፋ ፊት በዛ። አሜሪካ የጠቅላላ ርዝመት ገደቡን ስታላላ ባለ ኮፈኖው ተመለሰ። በጠመንጃ ደግሞ የአሜሪካ የ1934 የፌዴራል ሕግ ሁለት መለኪያ አለው። አፈሙዙ ከ16 ኢንች፣ ማለትም ከ406 ሚሊ ሜትር፣ ወይም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ26 ኢንች፣ ማለትም ከ660 ሚሊ ሜትር ካነሰ ልዩ ምዝገባ ያስፈልገዋል። እዚያ የሚሸጠው ኤክስ95 አፈሙዙ 16.5 ኢንች፣ ጠቅላላ ርዝመቱ ከ26 ኢንች ጥቂት የሚያልፍ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ግን የግዛት ሕግም አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ30 ኢንች ያነሰ ከፊል አውቶማቲክ (ምላጭ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሶ ቀጣዩን በራሱ የሚያጎርስ) ጠመንጃ የተከለከለ ምድብ ውስጥ ይገባል። ኒውዚላንድ ከ2019፣ ካናዳ ደግሞ ከ2020 ወዲህ ብዙ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎችን አግደዋል። ሌላ አገር ያለ ገዢ «ልክ ነው ግዛው» ስላለ ብቻ መግዛት አያዋጣም።

ከፊል አውቶማቲክ የሚለውም ከቡልፐፕ ጋር ይምታታል። እሱ የሚነግርህ አንድ ጊዜ ምላጭ ሲሳብ አንድ ጥይት እንደሚወጣና ቀጣዩ በራሱ እንደሚጎርስ ብቻ ነው። አቀማመጡን አይነግርህም። ባሬት ኤም95 ለምሳሌ በእጅ እየተጎተተ የሚጎርስ ቡልፐፕ ነው፤ ከ1 ሜትርም በላይ ይረዝማል። ቡልፐፕ የአጭር ጠመንጃ ስም ቢሆን ኖሮ ይህን ምን እንለው ነበር?

«ኮምፓክት» የሚለው ቃል ሲጨመርበት ግን ተጠንቀቁ። የኤክስ95 የወታደር ስሪት አፈሙዙ 330 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላ ርዝመቱ 580 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ ጋ አቀማመጡም አጥሯል፣ አፈሙዙም ተቆርጧል። ፍጥነት መቀነሱ ለዚህኛው እውነት ነው። ጥፋቱ ግን የቡልፐፕነቱ ሳይሆን የአፈሙዙ ነው። ስለዚህ የአንዱን ስሪት አስተያየት አንብቦ ሌላውን መግዛት አይሆንም። አስተያየት የሰጠው ሰው የአፈሙዙን ርዝመት ካልጻፈ፣ ስለ ርቀትና ስለ ድምፅ የሚለውን ዝለሉት። ስለ ምላጩ፣ ስለ ቀለሁና ስለ ሰደፉ ልክ የሚለው ግን ለሁለቱም ይሠራል። የሰደፉን ልክ ደግሞ ክንዳችሁ ላይ ሳትሞክሩ አትግዙ፤ በኋላ የሚያሳጥርላችሁ ሰው አታገኙም።