መንግሥታት የጦር ወዳጅ የሚቀይሩት ለምንድን ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ መሪ ትናንት ሲያወግዘው በከረመው አገር ዋና ከተማ ቀይ ምንጣፍ ላይ ሲራመድ ይታያል። ደጋፊው «አርቆ አሳቢ» ይለዋል፤ ተቃዋሚው «አገር ሸጠ» ይላል። ሁለቱም የሚነሱት ከአንድ ቦታ ነው፦ የሰውዬው ልብ ተለወጠ ከሚል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ዜና ስሰማ ንግግሩን ትቼ ሁለት ቦታ ማየት ይቀናኛል፦ የጦር ዕቃ መጋዘኑንና ቤተ መንግሥቱን። መጋዘኑ ውስጥ ምን ጎደለ? ቤተ መንግሥት ያለው ሰውስ ማንን ፈራ? ከዚህ በታች በዚህ ጉዳይ ዘወትር የሚሰሙ አባባሎችን አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ወዳጅ የሚቀይሩት ርዕዮተ ዓለም ስለቀየሩ ነው»

ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ የ1977ቱ የአፍሪካ ቀንድ ጦርነት ባልተነሳ ነበር። ኢትዮጵያ ከ1953 ጀምሮ ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ነበራት፤ አሜሪካ አሥመራ ላይ የቃኘውን የመገናኛ ጣቢያ ትይዛለች፣ ኢትዮጵያ መሣሪያና ሥልጠና ታገኛለች። ሶማሊያ ደግሞ በ1974 ከሶቪየት ኅብረት ጋር የወዳጅነት ውል ፈርማለች። ደርግ ሶሻሊዝምን ሲያውጅ ሁለቱ ጎረቤታሞች ቢያንስ በወረቀት የአንድ እምነት ሰዎች ሆኑ። ፊደል ካስትሮም በ1977 መጀመሪያ ላይ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና ዚያድ ባሬን ኤደን ላይ አገናኝቶ ሊያስማማቸው ሞከረ። አልተሳካለትም። ጠቡ የመሬት እንጂ የማርክስ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለው በወራት ውስጥ ያለቀ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የካርተር አስተዳደር በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ወታደራዊ ዕርዳታ ቀነሰ፤ ደርግ ቃኘውን ዘጋ፤ መንግሥቱ ሞስኮ ገባ፤ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። ሶቪየቶች ሁለቱንም ይዘው ለመቆየት ቢሞክሩም ኖቬምበር 13 ቀን ዚያድ ባሬ ራሱ አባረራቸው። በ1980 ደግሞ አሜሪካ ከሶማሊያ ጋር ተፈራርማ በርበራን መጠቀም ጀመረች። ሁለቱ ጎረቤታሞች ወዳጅ ተለዋወጡ ማለት ነው። አንድ የሚዘነጋ ነገር ልጨምር፤ በሳተላይት ዘመን የቃኘው ዋጋ ቀድሞውኑ ወርዶ ስለነበር ዋሽንግተን ጣቢያውን የማጥበብ ሥራ ከደርግ ውሳኔ በፊት ጀምራ ነበር። ወዳጅ የሚሰለቸው ታናሹ ብቻ አይደለም።

በአየር ላይ የሆነው ደግሞ የርዕዮተ ዓለሙን ወሬ ያስቃል። አሜሪካ ያሠለጠነቻቸው ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች አሜሪካ ሠራሽ በሆነው ኤፍ-5 ጄት የሶማሊያን ሶቪየት ሠራሽ ሚግ-21ዎች ሲያወርዱ፣ የኢትዮጵያ አዲስ አጋር ሶቪየት ኅብረት ነበረች።

«ቃል ኪዳን የፈረመ አገር ሲነካ ጦር ይመጣለታል»

የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት፣ ማለትም የኔቶ፣ አንቀጽ 5 ሁሉም ይጠቅሰዋል፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። «በአንዱ ላይ የተሰነዘረ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተሰነዘረ ይቆጠራል» የሚለው ይታወቃል። ቀጥሎ ያለው ግን እያንዳንዱ አባል «አስፈላጊ ነው ብሎ ያመነበትን» እርምጃ ይወስዳል የሚል ነው። የጦር ኃይል መጠቀም በዚያ ውስጥ ተጠቅሷል፣ ግዴታ ግን አልተደረገም። ይህ የአርቃቂ ስህተት አይደለም። ውሉ በ1949 ሲጻፍ የአሜሪካ ሴኔት ጦርነት የማወጅን ሥልጣን ለአንድ ወረቀት አሳልፎ ለመስጠት ፈቃደኛ አልነበረም። አንቀጹ እስካሁን በሥራ ላይ የዋለው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2001 ነው፤ ያውም የታገዘችው ትንሽ አገር ሳትሆን አሜሪካ ነበረች።

ኔቶን የሚያስፈራው እንግዲህ የቃሉ ኃይል ሳይሆን ከቃሉ ጀርባ ያለው ነው፦ በሰላም ጊዜ የተቋቋመ የጋራ ዕዝ፣ በየዓመቱ የሚደረግ ልምምድ፣ ድንበር ላይ አስቀድሞ የሰፈረ የአጋር ወታደር። እነዚህ የሌሉት ቃል ኪዳን በክፉ ቀን የውሃ ሽታ ይሆናል።

ፓኪስታን ይህን ቀድማ ቀምሳዋለች። በ1954 እና በ1955 አሜሪካ ያቀነባበረቻቸው ሁለት ቃል ኪዳኖች ውስጥ ገባች፤ በልቧ ያሰበችው ግን ህንድን ነው። የአሜሪካ ስጋት ደግሞ ኮሚኒዝም ነበር። በ1965 ከህንድ ጋር ጦርነት ሲነሳ ዋሽንግተን ለሁለቱም መሣሪያ አቆመች። ሁለቱን እኩል የመታ ይመስላል፤ ታንኩም ጄቱም አሜሪካ ሠራሽ የሆነባት ግን ፓኪስታን ስለነበረች ጉዳቱ በእሷ ላይ ከፋ። ፊቷን ወደ ቻይና ያዞረችበት መንገድ እዚያ ላይ ሰፋ።

አርሜንያ ደግሞ የቅርቡ ናት። በሩሲያ የሚመራው የጋራ ደኅንነት ስምምነት ድርጅት አባል ናት። ጃንዋሪ 2022 ካዛኪስታን ውስጥ አመፅ ሲነሳ ድርጅቱ በቀናት ውስጥ ወታደር ላከ፤ በወቅቱ ተራው ደርሷት ሊቀ መንበሯ አርሜንያ ነበረች። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ አዘርባጃን የአርሜንያን ግዛት ስትደበድብ ግን የመጣው ጦር ሳይሆን ሁኔታውን የሚያጣራ ልዑክ ነው። ሩሲያ ዩክሬን ውስጥ ተጠምዳ ነበር፤ ሌሎቹ አባላት ደግሞ ከአዘርባጃን ጋር የሚያጣላቸው ነገር አልነበረም። በ2024 መጀመሪያ አርሜንያ በድርጅቱ ውስጥ ያላትን ተሳትፎ አግጃለሁ አለች።

«መሣሪያ መቀየር ሱቅ እንደ መቀየር ነው»

ገንዘብ ካለ የሚያልቅ ነገር ይመስላል። ግን ጄት ማለት ብረቱ ብቻ አይደለም። ከኋላው የመለዋወጫ ውል፣ በአንድ ቋንቋ የተጻፈ የጥገና መጽሐፍ፣ እዚያ አገር ሄደው የተማሩ መካኒኮች፣ ለዚያ ሞተር ብቻ የሚሆን ቁልፍ አለ። ሶቪየት ሠራሽ ኮክፒት ከፍታን በሜትር፣ ፍጥነትን በኪሎ ሜትር ያሳያል፤ የምዕራቡ በጫማና በኖት (በሰዓት የባሕር ማይል)። ሃያ ዓመት የበረረ አብራሪ ዓይኑን እንደገና ማስተማር አለበት። መድፈኛውም አይቀርለትም፦ የሶቪየት መድፍ 152 ሚሊ ሜትር ነው፣ የኔቶ 155። ልዩነቱ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን መጋዘን ሙሉ ጥይት ለአዲሱ መድፍ ምንም አይፈይድም።

ግብፅን እንመልከት። ፕሬዚዳንት ሳዳት በ1972 የሶቪየት አማካሪዎችን አስወጣ፤ በ1973 የተዋጋው ግን በዚያው በሶቪየት መሣሪያ ነው። በ1976 ከሶቪየቶች ጋር የነበረውን የወዳጅነት ውል ጭራሽ ሲቀድ ሚጎቹ መለዋወጫ አጥተው ነበርና የሞተር ዕርዳታ ያገኘው ከቻይና ነው። የመጀመሪያዎቹ ኤፍ-16ዎች ካይሮ የደረሱት በ1982 ነው። ከመጀመሪያው «ውጡ» እስከ አዲሱ ጄት አሥር ዓመት። ፖላንድም ኔቶን በ1999 ተቀላቀለች፤ በ2023 ለዩክሬን ሚግ-29 ስትሰጥ አውሮፕላኖቹ ገና ከአየር ኃይሏ አገልግሎት አልወጡም ነበር።

ሻጩ በበኩሉ መለዋወጫን እንደ ልጓም ይይዘዋል። ፓኪስታን በ1980ዎቹ መጨረሻ ኤፍ-16 አዝዛ ገንዘብ ከፍላ ነበር። በ1990 በኑክሌር ፕሮግራሟ ምክንያት ማዕቀብ ወረደባት፤ ተሠርተው ያለቁ 28 ጄቶች አሪዞና በረሃ ላይ ተደርድረው ቀሩ። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ጄቱ አልደረሰም፤ ይባስ ብሎ የማቆያ ሂሳብም ተጠየቀች። ነገሩ በስምምነት ያለቀው በ1998 ሲሆን የተመለሰላትም ከፊሉ በጥሬ ገንዘብ፣ ከፊሉ ስንዴን ጨምሮ በዕቃ ነው። እንግዲህ እንዲህ የሆነበት አገር በማግስቱ ከቻይና ጋር ጄት ለመሥራት ቢቀመጥ ማን ይፈርድበታል? ያ ጄት፣ ጄኤፍ-17፣ ሞተሩ ደግሞ የሩሲያ ነው። ከአንድ ልጓም የወጣ ሁሉ ከልጓም ወጣ ማለት አይደለም።

«መሪዎች የሚፈሩት ጎረቤትን ነው»

ብዙ ጊዜ የሚፈሩት አጠገባቸው ያለውን ሰው ነው። ማሊ በ2013 የታጠቁ ቡድኖች ወደ ደቡብ ሲገሰግሱ ፈረንሳይን ራሷ ጠርታ ነበር። በ2020 እና በ2021 መፈንቅለ መንግሥት ተደረገ፤ በ2021 መጨረሻ ዋግነር የተባለው የሩሲያ ቅጥረኛ ተዋጊ ቡድን ገባ፣ በ2022 የፈረንሳይ ጦር ወጣ። በሰሜን ያሉት ታጣቂዎች ያው ነበሩ። የተለወጠው ቤተ መንግሥት የያዘው ሰው ነው። ለአዲሱ ገዢ ፓሪስ «ምርጫ መቼ ነው?» የምትል ወዳጅ ነበረች፤ ሞስኮ ይህን አትጠይቅም።

ሴፕቴምበር 2023 ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር «በአንዱ ላይ የተቃጣ በሁሉም ላይ» የሚል ቃል ኪዳን ሲፈራረሙ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ በኒጀር የተገለበጠውን ፕሬዚዳንት በኃይል እመልሳለሁ ብሎ ከዛተ ሳምንታት ቢሆኑ ነው። ሦስቱም በመፈንቅለ መንግሥት የመጡ ናቸው። በእኔ ግምት ያ ውል በመጀመሪያ የታሰበው ለድንበር ሳይሆን ለሥልጣን ጥበቃ ነው። ሕዝቡ በፈረንሳይ ላይ የነበረው ቁጣ እውነተኛ አልነበረም ማለቴ ግን አይደለም፤ ቁጣው ነበረ፣ ገዢዎቹም ተሳፈሩበት።

«የውጭ ጦር ሰፈር አንዴ ከወጣ አይመለስም»

ፊሊፒንስን የሚያውቅ ይህን አይልም። በ1991 ሴኔቷ 12 ለ11 ድምፅ የአሜሪካን ጦር ሰፈሮች ውል ውድቅ አደረገ፤ በቀጣዩ ዓመት የመጨረሻው የአሜሪካ ወታደር ሱቢክ የተባለውን የባሕር ኃይል ሰፈር ለቅቆ ወጣ። በ1995 ቻይና ማኒላ የኔ በምትለው የደቡብ ቻይና ባሕር ሚስቺፍ ሪፍ ላይ ግንባታ ማካሄዷ ታወቀ። በ1998 የአሜሪካ ወታደሮች ለልምምድ የሚገቡበት ስምምነት ተፈረመ። በ2020 ፕሬዚዳንት ዱተርቴ ይህን ስምምነት ሰረዝኩ አለ፣ በ2021 ስረዛውን ሰረዘ፣ በ2023 ተከታዩ ማርኮስ አሜሪካ የምትገባባቸውን ቦታዎች ወደ 9 ከፍ አደረገ። የ1951ዱ የጋራ መከላከያ ውል በዚህ ሁሉ መሐል አንድም ቀን አልተነካም።

«ፊንላንድ በአንድ ጀምበር ፈርታ ኔቶ ገባች»

ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች በሦስት ወር ውስጥ ማመልከቻ መግባቱ ድንገተኛ ያስመስለዋል። የሕዝቡ ሐሳብ በእርግጥ በፍጥነት ተገለበጠ፤ ኔቶን የሚደግፈው ከአራት ሰው አንድ ያህል የነበረው በወራት ውስጥ ከሦስት አራተኛ በላይ ሆነ፣ ፓርላማውም 188 ለ8 አጸደቀው። መጋዘኑ ግን ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ፊንላንድ የአሜሪካን ሆርኔት ጄት የመረጠችው በ1992 ነው፤ ከኔቶ ጋር አብራ መለማመድ የጀመረችው በ1990ዎቹ ነው፤ 64 ኤፍ-35 ለመግዛት የወሰነችውም በዲሴምበር 2021፣ ከወረራው በፊት። በ2022 የቀረው ፊርማው ነበር። ፊርማውም ቢሆን ሁሉም አባል ካልተስማማ አይሞላም፤ ቱርክና ሃንጋሪ ስዊድንን ከማመልከቻዋ በኋላ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ አስጠብቀዋታል።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም»

ለሰው እውነት ነው። መንግሥታት ግን ይወጣሉ፣ አንዳንዴም ይወድቃሉ። ቱርክ የኔቶ አባል ሆና በ2019 የሩሲያን ኤስ-400 ሚሳኤል ተረከበች፤ ዋጋዋን ከኤፍ-35 ፕሮግራም በመባረር ከፈለች፣ ከኔቶ ግን አልወጣችም። ህንድ ያንኑ ኤስ-400 ገዝታ፣ ራፋል ጄት ከፈረንሳይ አምጥታ፣ ከአሜሪካ፣ ከጃፓንና ከአውስትራሊያ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ትቀመጣለች።

አርሜንያም ብትሆን በሩሲያ በሚመራው ድርጅት ያላትን ተሳትፎ አገድኩ ካለች በኋላ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልተላቀቀችም። ሮኬት ከህንድ፣ ራዳርና መድፍ ከፈረንሳይ አዝዛለች። ጊዩምሪ በምትባለው ከተማዋ፣ ከቱርክ ድንበር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ሩሲያ እስከ 2044 የምትቆይበት ውል ያለው ጦር ሰፈር አሁንም በቦታው አለ።